ዳማ ውሃ ስታበዛ

ጥቅምት 6፣ ቅዳሜ

ዛሬም ውሃ ጠጣች። ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ራዲያተሩ ጎድሏል። ከትናንት ወዲያ ነው የሞላሁት። ከሥሯ ጎንበስ ብዬ አየሁ። መሬቱ ደረቅ ነው፤ ጠብታ የለም። ታዲያ ወዴት ይሄዳል? የጄሪካኑን ግማሽ ገለበጥኩላት። ዝም ብላ ዋጠችው።

ማስታወሻዬ፣ ሰው ስለ ሰው የማወራ ይመስለው ይሆናል። አንተ ግን ታውቃለህ፤ ዳማ መኪናችን ናት። ባለ ሁለት በር፣ አጭር ፊልድ መኪና፤ ትርፍ ጎማዋን ከኋላ እንደ ልጅ ያዘለች። ስሙን ያወጣላት ባለቤቴ ሙሉጌታ ነው። ያኔ ቀለሟ እንደ ዳማ ፈረስ ቀይ ነበር፤ ታብረቀርቃለች።

ሙ. ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ከዚያ ወዲህ አንዱን ስጠግን ሌላው ይጠብቀኛል። ዘንድሮ ብቻ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ተቀየረ፣ የፊት ሾክ አብዞርበሮቹ ተቀየሩ፣ የግራው ጎማ ኩሽኔታ ጮኸ፣ እሱም ተቀየረ። የጡረታዬ ነገር ከኔ ይልቅ መካኒኩ መኳንንት ያውቀዋል።

ልጄ ሰናይት ከአ.አ. ደወለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች። ደህና ነሽ ወይ፣ ግፊትሽን ተለካሽ ወይ፣ ከዚያ ያው፦ ሽጫት። በሷ ገንዘብ ዕድሜሽን ሙሉ በባጃጅ ትሄጃለሽ ትለኛለች። እውነቷን ነው። እሺ፣ አስባለሁ አልኳት። አላሰብኩም።

ጥቅምት 9፣ ማክሰኞ

የሙ. ታላቅ ወንድም አያ ጥላሁን ደወሉ። ከቡሬ ወጣ ብሎ በአባታቸው ርስት ላይ ነው የሚኖሩት። ስልክ ሲያወሩ ከማዶ ጋራ የሚጣሩ ይመስላሉ፤ ጆሮዬን አራቅሁ።

ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። አሁን የባሰው ዓይናቸው ቀንና ሌሊትን ብቻ ነው የሚለየው፤ በሌላው ዓይናቸው ሰው እንደ ጥላ ነው የሚታያቸው። የዓይን ሐኪሞች ወደዚህ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መጥተዋል፤ ረቡዕ ሳምንት ከሰዓት እንዲቀርቡ ተመዝግበዋል። ሐኪሞቹ በማግስቱ ተመላሽ ናቸው። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም።

ሚኒባስ አልሳፈርም አሉ። ባለፈው ረዳቱ ደርሰዋል ብሎ ያለ አገራቸው አውርዷቸው፣ የሰው አጥር እየዳበሱ እስኪመሽ ተንከራተዋል። እኔ መጥቼ እወስድዎታለሁ አልኩ። አፌ ቀደመኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ውሃው ትዝ ያለኝ።

ጥቅምት 10፣ ረቡዕ

መኳንንት ጋ። ጋራዡ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ሞተሩን አስነሥቶ አዳመጠ፣ ቱቦውን ጨበጠ፣ ቴርሞስታቱ ነው አለ፤ ውሃው መቼ እንዲዞር የምትወስነዋ ትንሽ ክዳን ማለት ነው። ተጣብቃለች፣ ስለዚህ ሞተሩ ይግላል፣ ውሃው ይተናል። አዲስ እዚህ አይገኝም፤ ነቅሎ ጣላት። ያለሷም ትሄዳለች አለኝ። ማራገቢያ የሚያዞረውን ቺንግያም ቀየረ፤ ተሰነጣጥቆ ነበር።

እሱ ሲፈታ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ። ሙ. ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ ነበር የሚውለው። የሚሠራ ነገር ባይኖርም ይመጣል። መፍቻ ያቀብላል፣ ይከራከራል፣ እጁን በጋዝ ታጥቦ ማታ ቤት ሲገባ ያ ሽታ ቀድሞት ይገባል። እንዴት እጣላው ነበር! ዛሬ መኳንንት እጁን በጋዝ ሲታጠብ ሽታው መጣ። ተነሥቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። ጋሪዎቹን የማይ መስዬ ቆምኩ።

ጥቅምት 13፣ ቅዳሜ

ሙከራ። ማንኩሳ ደርሼ ተመለስኩ። ሙቀት የሚያሳየው ቀስት ከመሃል ንቅንቅ አላለም። ደስ አለኝ። መስኮቱን ከፍቼ ነዳሁ። ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል፣ ኑጉ አብቧል።

በዚህ መንገድ ስንቱን አመላለስን። በሰፈራችን የቤት መኪና የነበረን እኛ ብቻ ነበርን፤ ስለዚህ ዳማ የሰፈሩ ነበረች። ሙሽራ ሲኖር የዘንባባ ቅጠል ታስራ ትወጣለች። ምጥ ሲመጣ በራችን ይንኳኳል። አንዲት የማንኩሳ ሴት ሆስፒታል ሳትደርስ ከኋላ ወንበር ላይ ወለደች። ሙ. ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ ላብ እያጠመቀው፣ አይዞሽ አይዞሽ ይላል፤ ለሷ ይሁን ለመኪናዋ አይታወቅም። ልጅቱን ፍኖት አሏት። አሁን ትልቅ ሴት ሆናለች።

መንዳት የተማርኩትም እዚሁ አካባቢ ነው፤ ገበያ በሌለበት ቀን፣ የከብት ተራው ሜዳ ላይ። አርባ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ፍሪሲዮኑን፣ ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠውን፣ ስለቅ ዳማ እንደ ጥጃ ትዘላለች። አንድ ሽማግሌ ቆመው ሲያዩን ቆዩና ሙ.ን ጠርተው ጸበል ውሰዳት ብለው መከሩት። መኪናዋን ይሁን እኔን አልጠየቃቸውም። ቤት እስክንገባ ሳቅን።

ጥቅምት 16፣ ማክሰኞ

አያ ጥላሁን ቤት ነኝ። እስከ ቡሬ በአስፋልቱ ያለ አንዳች ችግር። ከዚያ ወዲህ ያለው ጠጠርና ጉድጓድ ነው፤ በቀኝ በኩል ጎማው ጋ ቋ ቋ የሚል አዲስ ድምፅ መጥቷል። አልሰማሁም ብዬ አለፍኩ።

አያ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ከሩቅ ድምጿን ሰምተው መጣች ብለው ኖሯል። እጃቸውን ኮፈኗ ላይ ጫን አድርገው ቆዩ፤ የላም ግንባር እንደሚዳብስ ሰው። ዳጉሳው ዘንድሮ ጥሩ ነው፣ እናንተ እያያችሁ ንገሩኝ እንጂ ይላሉ።

ውሃውን አየሁ። ጎድሏል። ብዙ አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ጥቅምት 17፣ ረቡዕ

የዛሬውን እንዴት ብዬ ልጻፈው። ከመጀመሪያው ልያዝ።

ማልደን ወጣን። ቡሬን አልፈን ማንኩሳ ሳንደርስ፣ ዳገቱ ላይ፣ ቀስቱ ተነሣ። ዳር ያዝኩ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይትጎለጎላል፤ ከኋላ በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ። ሙ. ነጭ ጭስ ካየሽ ሞተሩ ውስጥ ውሃ ገብቷል ብሎ ነግሮኝ ነበር። ያ ሁሉ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ዛሬ ገባኝ።

አያን ደግፌ አወረድኩ፣ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸው። ሚኒባስ ላስቁምልዎ፣ እኔ አብሬዎ እሄዳለሁ፣ ዳማ እዚህ ትቁም አልኳቸው።

«አይሆንም» አሉ። «ትቀዝቅዝ። በሬ በዳገት ሲደክም ቀንበር አውርደህ ታሳርፋለህ እንጂ ጥለኸው ትሄዳለህ?»

«አያ፣ ሐኪሞቹ ነገ ይሄዳሉ እኮ።»

«አንች ብርቱካን፣ አራት ዓመት በጨለማ ተቀምጫለሁ። ትንሽ በጥላ ብቀመጥ ምን እሆናለሁ?»

ትኩስ ራዲያተር አይከፈትም፤ ፊት ይልጣል። መጠበቅ ነው። ከመንገዱ በታች ማሳቸው ውስጥ የነበሩ ባልና ሚስት ያለንበትን አይተው በሁለት ቢጫ ጄሪካን ውሃ ይዘው ወጡ። ሳንጠይቃቸው። አመሰገንኳቸው፤ ሴትየዋ መኪናዋን አየት አድርጋ፣ እናቴን በዚች ነበር ሆስፒታል የወሰዷት አለችኝ። መቼ እንደሆነ አላስታወስኩም። ብዙ ናቸው።

እየጠበቅን አያ ጨዋታ ጀመሩ። ሙ. ዳማን የገዛ ዕለት መጀመሪያ የነዳት ወደ አባቱ ቤት ነበር። ይህን አውቃለሁ። እኔ ሳስተምር ነበር፤ ማታ ሲመለስ፣ አባቴ መርቆ ሰጠኝ ብሎኝ ነበር። ሌላ አልነገረኝም።

«መረቀው?» አሉ አያ፤ ሳቃቸው መጣ። «ምን መረቀው! የኋላ ማርሽ ሲያስገባ አልገባም አለው። ሲታገል፣ ሲታገል፣ መዞሪያ ሲያጣ የደረሰ ዳጉሳ ውስጥ ገብቶ ዞረ። መሃል ለመሃል! አባታችን ዱላ ይዞ ወጣ። ሲቆጣ በአገውኛ ነበር የሚቆጣ፤ እንዲያ ያለ ቁጣ ከዚያ በፊትም ኋላም አልሰማሁ። ሙሉጌታ በሩን ቆልፎ ውስጥ ተቀመጠ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አባታችን መስተዋቱን ሊመታ ዱላውን አነሣ። መስተዋቱ ውስጥ ራሱን አየ። ጋቢውን አስተካከለ። ዞራት፣ ዳሰሳት፣ ክፈት አለው። ገባ። አልወጣም! ምሳ እዚያው ቀረበለት። ጎረቤት ሲመጣ ሰላም የሚለው በመስኮት ነው። ለእያንዳንዱ እንግዳ ጡሩንባ ንፋ ይለዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ለምነን አወጣነው። ስለ ዳጉሳው እስከ ዕለተ ሞቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም።»

አስፋልት ዳር ተቀምጬ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ሰላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ ይህን አልነገረኝም! እኔ ፍሪሲዮን አላውቅም ብዬ ሳፍር፣ ሳለቅስም፣ እሱ ከፊት ወንበር ጎኔ ተቀምጦ አይዞሽ ሲል፣ ዳጉሳው ውስጥ የገባ ሰው ነበር። ሳቁ ሲያልቅ እንባው ቀረ። አያ አላዩም። ወይም አዩ፤ የዓይን ነገር ብቻ አይደለም ማየት።

ስትቀዘቅዝ ሞላኋት። የሙ. ዘዴ ነበረች፤ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው መክፈት፤ ሙቀቱን ከሞተሩ ወደ ሰው ይስበዋል። በጥቅምት ፀሐይ ማሞቂያ ከፍተን፣ መስኮት ከፍተን፣ በላብ ተጠምቀን፣ እንደ ጋሪ ቀስ እያልን። ቀስቱ ሲነሣ እቆማለሁ፣ ሲወርድ እነዳለሁ። ጋሪ እንኳ ቀደመን።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ መዝገቡን እየዘጋች ነበር። የሥራ ሰዓት ሊያልቅ ነው፣ ለሚቀጥለው ዙር ይመዝገቡ አለች። ምን እንዳልኳት አላውቅም። ሁለታችንንም አየችን፤ ፊታችን በላብና በአቧራ ተለውሷል። አያ ዝቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ከቡሬ በምድጃ ውስጥ ተቀምጠን ነው የመጣን» አሏት። ሳቀች። መዝገቡን ከፈተች።

መጨረሻ ገቡ። ወጡ። አንድ ዓይናቸው ተሸፍኗል። ቤቴ ተኝተዋል። ዳማ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ ከዚያ ወዲህ አልነሣ ብላለች።

ጥቅምት 18፣ ሐሙስ

ሽፋኑ ተነሣላቸው።

ሐኪሙ ጣቱን አሳያቸው፣ ቆጠሩለት። ጣቱን ብቻ ማየት ቀጠሉ፤ ሐኪሙ እጁን ካወረደ በኋላም። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆሙ። ሰማይ አዩ፣ ዛፉን አዩ፣ የሰው ጫማ አዩ። ከዚያ ግቢው ጥግ ዳማ ጋ ሲደርሱ፣

«ይቺ የማን ናት?» አሉ።

«ዳማ ናት እንጂ፣ አያ።»

«ዳማ ቀይ ናት።»

«ያቺው ናት።»

ቀረብ ብለው አዩ። እኔም ዞሬ አየሁ። ማስታወሻዬ፣ በየቀኑ የማያትን መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። ጣሪያዋ ነጥቷል፣ ኮፈኑ የገብስ ገለባ መስሏል፣ ቀይነቷ የቀረው በሮቹ ማጠፊያ ሥር ብቻ ነው። መቼ?

«አይ መምህርት» አሉኝ። «ቀለም ስታስተምሪ ኖረሽ፣ ቀለም ሲለቅ አላየሽም?»

ሁለት ስለት ያላት ቃል ነች፣ አውቃለሁ። የጎጃም ሰው ባዶ ቃል አይጥልም። ከዚያ ፊቴን አዩና ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ አንችም ሸብተሻል እኮ አሉ። በኀዘን አይደለም። እንዳገኙት ዜና። አራት ዓመት አላዩኝም። በነዚያ ዓመታት ውስጥ ነው ሙ. የሞተው።

ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ

የመኳንንት ፍርድ። በጋሪ ፈረስ ጎትተን ነው ጋራዥ ያደረስናት፤ ከተማው በሙሉ አየን፣ አያ ከፊት ተቀምጠው መሪ ይዘዋል! ሞተሩን ከፍቶ አሳየኝ። ቴስታታው ማለት የሞተሩ ክዳን ነው፤ ማሸጊያው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ውሃው በዚያ ነበር የሚገባው። ቴስታታው ራሱም ጠምሟል። ቴርሞስታቱ ነው ብሎ መሳሳቱን ሳልጠይቀው ተናገረ፤ ደግሞም ይቅርታ ጠየቀ። ቴስታታው ባ.ዳር ሄዶ ይስተካከላል፣ ጓርኒሲዮኑና ቦሎኖቹ አዲስ ይገዛሉ፣ ራዲያተሩ ይታጠባል፣ ያ ቋ ቋ የሚለውም የፊት ጎማ መገጣጠሚያ አልቋል፣ ፍሪሲዮኑም አብሮ ቢቀየር ይሻላል። ደመረልኝ። የአንድ ጥሩ የእርሻ በሬ ዋጋ ነው።

ከሰዓት ሰናይት። ነገርኳት። አየሽ እማ አለች። ቡሬ ያሉ አንድ የእህል ነጋዴ እንዳለች፣ እንደቆመች፣ እገዛታለሁ ብለዋል፤ መኳንንት ነው የነገረኝ። ጥሩ ዋጋ ነው።

አያን ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኳቸው። ማዘዝ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ግን አላዘዙም።

«ለሱ ነው የምትጠግኛት ወይስ ላንች?» ብቻ አሉ።

መልሴን አልጠበቁም። 

ጥቅምት 21፣ እሑድ

አያ ዛሬ ወደ አገራቸው ተሸኙ፤ በሚኒባስ፣ ከፊት ወንበር፣ የሱቁን ሁሉ ጽሑፍ ጮክ ብለው እያነበቡ።

ጥቅምት 28፣ እሑድ

በእግር ነው የምሄደው። ግቢው ባዶ ነው፤ የቆመችበት ቦታ ላይ ሣሩ ቢጫ ሆኖ ቅርጿን ይዟል። ዶሮዎቹ እዚያ መተኛት ለምደዋል።

የአያ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የሄድንባቸውን መንገዶች በሐሳቤ ሄድኩባቸው። ማንኩሳ። ቡሬ። የአባቱ ቤት፣ የአክስቱ ቤት፣ የእሱ ወገን ሰርግ ቤት፣ የእሱ ወገን ልቅሶ ቤት። ደጋግሜ ፈለግኩ። አዴት የለም።

አዴት እህቴ ዘውዴ አለች። የእናቴ ልጅ፣ አንድ ያለችኝ። ዳማ አንድም ቀን እዚያ አልደረሰችም። በቋሪት በኩል ያለው መንገድ መኪና ይገድላል ይል ነበር ሙ.። እኔ እሺ እል ነበር። ዘውዴ በአውቶቡስ ትመጣለች፣ በባ.ዳር ዞራ፣ ዶሮዋን አንጠልጥላ። እኔም በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ዳማ ጎማዋን አዝላ ግቢ ውስጥ ትቆማለች።

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን እዚህ ልጻፈው፤ ክፉ አልነበረም። መንገዱ እውነትም ክፉ ነው። ግን ወደ አባቱ ቤት የሚወስደው ጠጠርስ? እሱም ክፉ ነበር፤ አንድም ዓመት ሳንሄድበት አልቀረንም። ናፍቆት እንዲህ ነው፤ የሄድሽበትን ያሳይሻል እንጂ ያልሄድሽበትን አያሳይሽም።

አልተናደድኩም። ገረመኝ እንጂ።

ኅዳር 1፣ ረቡዕ

ገዢው መጡ። ትሑት ሰው። ጋራዥ ሄደን ሞተሯ ተከፍቶ አዩዋት፤ ዋጋ ለመስበር ስም አላጠፉም። የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ መሪውን ያዙ፣ ለልጄ ትሆናለች አሉ። ጥሩ ቤት ነበር የምትገባ።

አልሸጥም አልኳቸው። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። የባለቤትዎ ስለሆነች ነዋ መለየት ያቃተዎት፣ ይገባኛል አሉኝ። አይደለም አልኩ። አይደለም፣ መሄጃ ስላለኝ ነው።

ከዚያ ለአያ ደወልኩ። እሳቸው ጋ በርቢ የምትኖረውን፣ ጥጃዋን የምንካፈላትን ላሜን ሽጡልኝ አልኩ። ላንች ነዋ አሉ። አዎ አልኩ። እንግዲያ በቡሬ ገበያ በደህና ዋጋ አወጣታለሁ፣ አሁን የገዢውን ዓይን አይቼ ነው የምደራደር አሉኝ።

ኅዳር 4፣ ቅዳሜ

ሰናይት ተቆጣች። ያቺን ወተት የምትሰጥ ላም! ለቁራጭ ብረት! እማ፣ አባዬ አይመለስም አለችኝ። እኔ፣ ልጄ፣ እሱን ልመልስ አይደለም አልኳት። ካርዷ አለቀ መሰል። ተቋረጠ።

ማታ መልሳ ደወለች። የወንበሩ ቀበቶ ይሠራል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ

ቴስታታው መንገድ ተዘግቶ ባ.ዳር ሲቆይ ቆይቶ መጣ። መኳንንት ሦስት ቀን ገጠመ። ዛሬ ቁልፉን ለኔ ሰጠኝ፣ አንቱ አስነሡ አለ። አንድ ጊዜ አጓራች፣ ሁለተኛ ጊዜ ተነሣች። ጭስ የለም። ድምፁ ሌላ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ትንሽ ባዳ። የማውቀው ማቃሰት ጠፍቷል። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስ ብሎኛል፤ ግን ያን ማቃሰትም ናፈቅኩት።

ቀለሙንስ ላስቀባልዎ አለኝ መኳንንት። አይ፣ እንዲህ ትሁን።

ኅዳር 12፣ እሑድ

ሚካኤል። ከቅዳሴ መልስ ጎማ አስነፋሁ። ውሃውን አየሁ፤ ሙሉ ነው፣ ጠብታ አልጎደለም።

የቋሪትን መንገድ መናኸሪያ ጠየቅኩ። ይሄዳል አሉኝ፤ ሰላም ነው፣ ክረምት የበላው አንድ ድልድይ አለ፣ ከጎኑ በወንዙ ይታለፋል። የጭነት መኪና ሹፌር ነው ይህን ያለኝ፤ ከፍ ዝቅ አድርጎ አየኝና ማን ነው የሚነዳው አለ። እኔ አልኩት። መንገድዎን ያቅናልዎ አለ፤ አልሳቀም።

ለዘውዴ አልነገርኳትም። ብነግራት በግ ታሳርዳለች፣ ሰፈሩን ትጠራለች። በሯ ላይ ጡሩንባ መንፋት ነው የምፈልገው።

ነገ ማለዳ። ብቻዬን። ወደ አዴት።